የስኳር ሰልፍና የኔ ልብ

በስምንት ዓመቴ በልብ ሕመም ልሞት ነበር። ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፤ ያልሰማችው እናቴ ብቻ ናት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የኔ ጆሮ ግን ባዳ አልሆነብኝም። ሕመሜን ከነዝርዝሩ የሰማሁት እዚያው ቆሜ፣ ከገዛ አያቴ አፍ፣ የስኳር ሰልፍ ላይ ነው።

አሁን የምሠራው ጤና ጣቢያ፣ ካርድ ክፍል ነው። መስኮቷ ጠባብ አፏ ሰፊ እያሉ ያሙኛል፤ ይሙኝ። ቀኑን ሙሉ ሰው ይሰለፍብኛል፣ ቀኑን ሙሉ ሰው ይዋሸኛል። «ትናንት መጥቼ ነገ ተመለስ ተብዬ ነው» የሚለኝ አለ፤ ትናንት እሑድ ነበር። ራሷን ልትስት ደርሳ፣ ቀድማ ከገባች በኋላ ደረጃውን እየዘለለች የምትወርድ አለች። ጤነኛ ልጇን ቆንጥጣ የምታስለቅስ እናት አለች። የሰልፍ ውሸት ከሩቅ ይሸተኛል፣ ያደግኩበት ሙያ ነውና። ልጇን የምትቆነጥጠዋን ግን አሳልፋታለሁ። ባልደረባዬ «ለእሷ ሲሆን ምን ያሞኝሻል?» ስትለኝ «ረጅም ነገር ነው» ብዬ ዝም አሰኘኋት። ረጅሙ ነገር ይኸው ነው።

እናቴ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ትሠራ ነበር፤ ጎህ ሲቀድ ወጥታ ሲመሽ ትገባለች። አባቴ ተራው ሳይደርስ ሰልፉን ጥሎ የሄደ ሰው ነው፣ እሱን እንተወው። ቤት የምንውለው አያቴና እኔ ነን። አያቴ የእናቴ አባት ነው፤ ሴት አያቴ ስትሞት ሁለት ሻንጣና አንድ ሬዲዮ ይዞ እኛ ጋ ገባ። አንቱ ስለው «ገና ምኔ አረጀና» እያለ ስለሚቆጣ አንተ እለው ነበር። ዛሬም አንቱ ብዬ ባወራለት ተነሥቶ የሚቆጣኝ ይመስለኛል።

ትራፊክ ፖሊስ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት አንድ አደባባይ መሐል ቆሟል። ፊት ለፊት «ሃምሳ አለቃ» ይሉታል፤ ዞር ሲል «ፊሽካ» ነው። ከሰፈራችን ሰው እሱ ያልቀጣው ጥቂት ነው። አንድ ባለታክሲ ጎረቤት ነበረን፣ አያቴ ሦስት ጊዜ መንጃ ፈቃዱን የነጠቀው። ሁለቱም ጡረታ ከወጡ በኋላ እንኳ መንገድ ላይ ሲገናኙ ባለታክሲው ቆም ብሎ «ልለፍ ሃምሳ አለቃ?» እያለ ያሽሟጥጠዋል። አያቴ ደግሞ ከምሩ ግራና ቀኝ አይቶ «እለፍ» ይለዋል።

እኛ ቤት የአያቴ ሥራ ሰልፍ ነበር። እናቴ ስኳር ለመሰለፍ ከፋብሪካ መቅረት አትችልም፤ ስለዚህ ስኳሩም ዘይቱም ሳሙናውም በአያቴ እግር ነው ቤት የሚገባው። ያን ሥራ ማንም እንዲነካበት አይፈልግም ነበር፣ ምክንያቱም እናቴና አጎቴ አንድ ስምምነት ነበራቸው። አባባ ጤናው እስካለ ድረስ እኛ ጋ ይኖራል። የታመመ ቀን ወደ አጎቴ ከተማ ይሄዳል፤ እዚያ ቀኑን ሙሉ ቤት የምትውል፣ የምታስታምመው ሰው አለች። ያቺ ሰው የአጎቴ ሚስት ናት። የሶፋዋን ላስቲክ እስከ ዛሬ ያልላጠች፣ እንግዳ ሲቀመጥ ከእንግዳው ይልቅ ሶፋውን የምታይ ሴት። አያቴ አንድ ጊዜ እዚያ ሁለት ሳምንት ሰንብቶ ሲመለስ «እዚያ ቤት ከምታመም እዚህ ቆሜ ብሞት ይሻለኛል» ሲል ሰምቼዋለሁ። ከዚህ ሁሉ እኔ የያዝኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በኛ ቤተሰብ የታመመ ሰው ወደ አጎቴ ቤት ይላካል።

ሱቁ የሸማቾች ሱቅ ይባላል። የቆርቆሮ በር፣ በሩ ላይ የተቀደደች መስኮት፣ ከመስኮቷ ኋላ ሚዛንና ባለሚዛን። ባለሚዛኑ ጥንቁቅ ሰው ነበር። ስኳሩን ይጨምራል፣ ያያል፣ በማንኪያ ይቀንሳል፣ እንደገና ያያል፣ ከዚያ በሁለት ጣቱ ቆንጥሮ ይመልሳል። ስኳር በወር አንዴ ነው የሚመጣው፤ ቀኑን የሚያውቅ የለም። «መጣ» ሲባል ሰው ሁሉ ከረጢቱን ይዞ ይሮጣል፣ ሰልፉ ጋ እስኪደርስ። ከዚያ በኋላ ሩጫ የለም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይላሉ፤ የኛ ሰልፍ ላይ እንቁላሉ ተፈልፍሎ፣ አድጎ፣ አርጅቶ፣ መስኮቷን ሳያይ ይሞታል።

ሥራ ያለው ሰው በሥራ ሰዓት አይሰለፍም፤ ስለዚህ ሰልፉ የጡረተኛ ሰልፍ ነበር። ይህ ደግሞ የራሱን ችግር አመጣ። ሽማግሌ ይቅደም ቢባል ሰልፉ ዞሮ ያው ሰልፍ ነው። «እግሬን አመመኝ» ያለ ሁሉ «የማን እግር ነው ያላመመው?» ተብሎ ይመለሳል። ስለዚህ ተሰብስበው ሦስት ዓይነት ሰው ብቻ እንዲያልፍ ወሰኑ፤ ነፍሰ ጡር፣ የታመመ ልጅ የያዘና ቀብር ያለበት። ቀብሩ ብዙ አልቆየም። አንድ ሰውዬ የአክስቱን ቀብር ሦስት ወር ሙሉ ሲጠቀምበት ከርሞ፣ በአራተኛው ወር አክስትየዋ ራሷ ከረጢቷን ይዛ ሰልፍ መጣች።

ሕጉን የምታስከብረው አዋላጅዋ ነበረች። ጡረታ ከመውጣቷ በፊት የሰፈሩን ጎረምሳ ግማሹን በእጇ ተቀብላዋለች፤ ማን ይደፍራታል። የሳሙና ሣጥን ገልብጣ መስኮቷ አጠገብ ትቀመጣለች፤ ጭኗ ላይ የስም ዝርዝር፣ ጆሮዋ ላይ እርሳስ።

እኔ ትምህርት የምሄደው ከሰዓት ስለነበረ ጧት ጧት ከአያቴ ጋር ነኝ። ሰልፉ ጫፍ ላይ አሥር ደቂቃ ያህል እንቆማለን። ከዚያ እጁን ትከሻዬ ላይ ያሳርፍና ወደ ፊት ይነዳኛል፣ ሰልፉን ሁሉ አልፈን አዋላጅዋ ፊት።

«እህቴ፣ ልጅቷ ዛሬም አላስተኛችኝም» ይላታል።

«ምን ሆነች ደግሞ?»

«ያው ልቧ ነው። ጋደም ስትል ትንፋሽ ያጥራታል። ሦስት ትራስ ደርድራ፣ ቁጭ ብላ ነው የምታድረው።»

«እግሯስ?»

«ወደ ማታ ያብጣል። በጣት ሲጫኑት ጉድጓዱ ቶሎ አይመለስም። ሐኪሙ መቆም ክልክል ነው ብሏታል።»

«መድኃኒቷን ትወስዳለች?»

«ትወስዳለች። ሽንት አበዛባት እንጂ።»

«ጨውስ ተወች?»

አያቴ እዚህ ላይ ትንሽ ያመነታል። «ለመተው እየሞከረች ነው።»

«መሞከር አይደለም፣ ትተው። አልሰማሁም እንዳትል» ትልና አዋላጅዋ በእርሳሷ ምልክት አድርጋ ታሳልፈናለች። አንድም ቀን ደረቴን ነክታ፣ ዓይኔን ገልጣ አታውቅም። ስለኔ ልብ እያወራች የምታየው የአያቴን ጫማ ነበር። ጫማው ክሩ ያልታሰረ ነው። የምትሞት ልጅ ፊቷ ቆማ የሰው ጫማ ማየቷ በጣም አስቀየመኝ።

ስንመለስ አያቴ ከረሜላ ይገዛልኛል። መጀመሪያ ቀን ከረሜላዬን በአንድ ጉንጬ ይዤ ጠየቅኩት፤ «አባባ፣ ልቤ ምን ሆኖ ነው?»

«ልብሽ ደህና ነው። ያ የሰልፍ ወሬ ነው፣ እናትሽ ጋ እንዳታነሺው።»

ያን ጊዜ ነው እንደምሞት የቆረጥኩት። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ጎረቤታችን ሲታመም ትልልቆቹ ሁሉ አልጋው አጠገብ እየተቀመጡ «ደህና ነህ፣ ምንም አትልም» ይሉት ነበር፤ በሳምንቱ ቀበሩት። ደህና ነህ የሚባለው ለሚሞት ሰው ነው። እናት ጋ እንዳይነሣ የተባለው ደግሞ አጎቴ ቤት እንዳልላክ መሆኑ ገባኝ። አያቴ ምስጢሬን እየጠበቀልኝ ነው ብዬ አንጀቴን በላው፣ እኔም አፌን ዘጋሁ።

ማታ ማታ እግሬን በጣቴ እጫነዋለሁ። ጉድጓዱ ወዲያው ይመለሳል። አጫጫኔ ባይሆን ነው ብዬ በእርሳስ ጫፍ ሞከርኩ፣ በማንኪያ እጀታ ሞከርኩ። ትንፋሽ ማጠሩንም ጋደም ብዬ ጠበቅኩት፤ ስጠብቅ እንቅልፍ ይወስደኛል። የትራሱ ነገር ግን አበሸቀኝ። ቤታችን ያለው ትራስ አምስት ነው፤ አንዱ የእናቴ፣ አንዱ የኔ፣ ሦስቱ አያቴ ጋ ናቸው። እናቴ «አባዬ፣ ሦስት ትራስ ምን ያደርግልሃል?» ስትለው «ሬዲዮ ቁጭ ብዬ ነው የምሰማው» አላት። ታማሚዋ እኔ፣ ትራሱ የሱ። አልጋ ውስጥ ሆኜ ስንቴ እንደረገምኩት እኔ ነኝ የማውቀው።

ዛሬ ያን ዝርዝር በየቀኑ በመስኮቴ እሰማዋለሁ። ትራሱን፣ እግሩን፣ ጨውን ለመተው የሚሞክረውን ሁሉ። አንድም ቀን ስለ ስምንት ዓመት ልጅ ተነግሮኝ አያውቅም፤ እንዲህ የሚታመም ሰባ ያለፈው ሰው ነው። አያቴ «ሬዲዮዬን ላሠራ» ብሎ በወር አንዴ ይወጣ ነበር፣ ሬዲዮው ጠረጴዛ ላይ እየዘፈነ። ሐኪም ቤት መሄዱ ነው። የነገሩትን ሁሉ ቤት ውስጥ ውጦ ይዞ፣ ስኳር በመጣ ቀን በኔ ስም ይናገረዋል። አዋላጅዋም የኔን ስም እየጠራች እሱን ታክመዋለች። ሰልፉም ያውቃል። ሽማግሌ አይለፍ ብለው ራሳቸው ስለወሰኑ፣ ሽማግሌው በልጅ ስም ሲያልፍ ጣራ ጣራ ያያሉ። ከሰልፉ ያላወቅኩት እኔ ብቻ ነኝ።

መሞቴ ካልቀረ ንብረቴን ላከፋፍል ብዬ ተነሣሁ። የመዝለያ ገመዴንና ባለአሥራ ሁለት ቀለም እርሳሴን ለጎረቤታችን ልጅ ተናዘዝኩላት። «ከሞትኩ በኋላ ትወስጂዋለሽ» አልኳት።

«ከሞትሽ በኋላ እናትሽ ትከለክለኛለች። አሁን ስጪኝ» አለች። ነገሩ እውነት ስለሆነ ሰጠኋት። ከዚያ ወዲያ እኔ ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ እሷ በገመዴ ስትዘል አያለሁ። «ልብሽን እንዳያምሽ አትነሺ» ትለኛለች ደግሞ።

እንዲህ ስሞት ከርሜ ትምህርት ቤት ነርስ መጣች። ክፍሉን አሰልፋ የሁላችንንም ደረት አዳመጠች። እኔ ጋ ስትደርስ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«የፈረስ ልብ ነው ያለሽ። የሚቀጥለው» አለች።

«እርግጠኛ ነሽ?» አልኳት።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«እንደገና ስሚው። እኔ በሽተኛ ነኝ።»

ሰማችው። ወንበር ላይ አውጥታ አስወረደችኝ፣ አስዘለለችኝ፣ ደግማ ሰማችው። «ምንም የለብሽም። አሁን ሂጂ፣ ከኋላሽ ሰው ተሰልፏል» አለች። ሌላ ልጅ ቢሆን ደስ ይለዋል። እኔ በንዴት ጨስኩ። ቀጥታ ጎረቤታችን ልጅ ጋ ሄጄ ገመዴንና እርሳሴን መልሺ ብላት «የሰጡት አይመለስም፣ ባትሞቺ ጥፋቱ ያንቺ ነው» አለችኝ። ለዚህ ሁሉ ተጠያቂው ፊሽካ ነው አልኩ በልቤ። ለመጀመሪያ ጊዜ በቅጽል ስሙ የጠራሁት ያን ቀን ነው።

የሚቀጥለው ስኳር የመጣው ቅዳሜ ነው። ትምህርት የለም፤ እናቴ ግን ቅዳሜም ትሠራለች። ስኳርና ዘይት አንድ ላይ መጥቶ ሰልፉ ጥጉን ዞሮ ነበር። አያቴ አሥር ደቂቃውን ቆመ፣ እጁን ትከሻዬ ላይ አሳረፈ፣ አዋላጅዋ ፊት ደረስን።

«እህቴ፣ ልጅቷ ትናንት ደረጃ መውጣት አቃታት።»

«ውሸት ነው» አልኩ።

አዋላጅዋ እርሳሷን ከጆሮዋ አውርዳ ነበር፤ እንደያዘችው ቀረች።

«ነርስ አይታኛለች፣ ሁለት ጊዜ ነው ያየችኝ። ምንም የለብኝም። ሦስት ትራስም የለኝም። እሱ ነው ትራሱን የወሰደው።»

አዋላጅዋ ቶሎ ብላ «የትምህርት ቤት ነርስ ምን ታውቃለች። እኔ አርባ ዓመት ልብ ሳዳምጥ ኖሬያለሁ፣ ይሄ ልብ ታሟል። እለፉ» አለች። ስትናገር እንኳን እኔን አላየችም። እሷም ከእሱ ጋር ተባብራ ነው ብዬ ባሰብኝ። ሮጥኩ። ሰልፉን ከመስኮቷ እስከ ጥጉ፣ ከጥጉ ማዶ እስከ መጨረሻው ሰው ሮጬ፣ ተመልሼ ሮጬ መጣሁና አዋላጅዋ ፊት ሃያ ጊዜ ዘለልኩ። ጮክ ብዬ እየቆጠርኩ።

«ይኸው» አልኩ። «ትንፋሽ አጠረኝ?»

አጥሮኝ ነበር፣ ግን በሩጫ ነው። አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ባለታክሲው ከመካከል ድምፁን አሰማ። «ሃምሳ አለቃ፣ ጤነኛ ልጅ ይዞ መቅደም በየትኛው አንቀጽ ነው የሚያስቀጣው?» ይህችን ቀን ስንት ዓመት እንደጠበቃት አላውቅም። ነገሩ አፉ ላይ ጣፍጦት ሳይጨርስ ፊቱ ሲለወጥ አየሁ። ቀና ብዬ አያቴን አየሁት። አያቴ የተናደደ አልመሰለም።

«ልጅቷ ልክ ናት» አለ። «ተራችንን እንይዛለን።»

«ሃምሳ አለቃ፣ ተዉ እንጂ» አለች አዋላጅዋ።

«ሕግ ነው እህቴ።»

ሰልፉ ጫፍ ሄድን። ከፊታችን ሃምሳ ስምንት ሰው ቆጠርኩ። ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር፤ ያገኘሁት ግን የሃምሳ ስምንት ሰው ጀርባ ነው። አያቴ እግሩን ከፍቶ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ አደባባይ ላይ ይቆም እንደነበረው ቆመ።

አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሰው ከሰልፉ መውጣት ጀመረ። አንዲት ሴትዮ «ኧረ ድስት ጥጄ ረስቼው» ብላ ከረጢቷን አጥፋ ሄደች። ሌላዋ የስኳር ደብተሯን ረሳች። አንዱ ሽማግሌ እንግዳ ይመጣብኛል አለ። ሁሉም በኛ አጠገብ ሲያልፉ አያቴን አያዩትም። ከውሸታም ጋር አንሰለፍም ማለታቸው ነው ብዬ ኮራሁ፤ እውነት ተናግሬ ሰፈሩን ያስነሣሁ መሰለኝ። ድስት ጥጃለሁ ያለችው ሴትዮ ግን ጧት ለሰልፉ በሙሉ ጋዝ ካለቀባት ሦስት ቀን እንደሆናት ስታማርር ነበር። ስኳር በወር አንዴ ነው የሚመጣው። ያንን ትተው የሄዱት ሰልፉ ለአያቴ እንዲያጥርለት ነው፤ እኔ ይህ የገባኝ ራሴ መስኮት ኋላ ተቀምጬ ሰው ለሰው ተራውን ሲለቅ በዓመት አንዴ እንኳ እንደማይታይ ካወቅኩ በኋላ ነው።

አያቴ ቶሎ አልገባውም። አምስተኛው ሰው «ጥርሴን ያዘኝ» ብሎ ሲወጣ ነው የባነነው። ሰውዬው ጥርስ የለውም።

አያቴ ቀኝ እጁን ወደ ላይ አነሣ። «ቁም» አለ። ሰውዬው ቆመ፣ እንደ መኪና። «የወጣችሁ ሁሉ ወደ ቦታችሁ። አንቺ ከባለዣንጥላዋ ኋላ ነበርሽ። አንተ አሥራ ሦስተኛ ነህ። ጎረቤት ላኩና ባለድስቷን ጥሩልኝ።» የአዋላጅዋን ዝርዝር አላየም፣ እሱ ግን ሁሉንም በቦታቸው ያውቃቸዋል። እያጉረመረሙ ተመለሱ። ባለድስቷም መጣች፣ «ድስቱስ?» ብላት በግልምጫ አነሣችኝ።

ፀሐዩ አናታችን ላይ ወጣ። የአያቴ እጅ ተመልሶ ትከሻዬ ላይ ነበር፤ እየቆየ ከበደ። እየቀጣኝ ነው አልኩ። በቀስታ እየተጫነኝ፣ ሰው ሳያይበት ትከሻዬን ሊሰብረው ነው።

«ስንት ቀረ?» አለኝ።

«ሃያ ሦስት።»

 ትንፋሹ ያፏጫል። «አሁንስ?»

«ሃያ ሦስት። ባለሚዛኑ ምሳ ሄዷል።»

እውነት ነው፣ መስኮቷን ዘግቶ ሄዶ ነበር። ጭራሽ «አሁን እመጣለሁ» ብሎ። የዚያ ሰው አሁን ሁለት ሰዓት እንደሚፈጅ ሰልፉ ያውቃል። የአያቴ ከንፈር ቀለሙ ጠፍቷል፣ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። መንገዱ ዳር ጥላ ያለው ድንጋይ ነበር።

«አባባ፣ እዚያ ቁጭ በል። ተራውን እኔ እይዛለሁ።»

«አልቀመጥም።»

«ለምን?»

«ፊሽካ ሰልፍ ላይ ተቀመጠ ከተባለ እናትሽ ማታ ትሰማለች። ነገ ሻንጣዬ ይታሰራል» አለኝ። ቅጽል ስሙን ማወቁን ያን ጊዜ ሰማሁ። ነገሩ ግን አልገባኝም። ስንት ቀን ተቀምጬ እናቴ አይታኛለች፣ አጎቴ ቤት አልተላክሁም።

ልቤ ተነካ፣ አያቴን ላድነው ብዬ አሰብኩ ብል ደስ ይለኝ ነበር። ውሸት ለምዶብኝ ነው እንጂ ነገሩ እንዲህ አይደለም። ትከሻዬን ሊገነጥለው ደርሶ ነበር። መላ አካሉ እኔ ላይ ነው። ያን ክብደት ከላዬ ለማውረድ አንድ መንገድ ብቻ ታየኝ።

«ልቤን» አልኩና ወደቅኩ።

የያዝኩት የቀኝ ጎኔን ነው። ልብ በየት በኩል እንደሆነ እንኳ በቅጡ አላውቅም። ሰልፉ ሁሉ ወደኔ ዞረ። ከሁለት ሰዓት በፊት ፊታቸው ሃያ ጊዜ የዘለልኩ ልጅ መሬት ላይ ተዘርግቼ በአንድ ዓይኔ አያቸዋለሁ። ባለታክሲው ከሰልፉ ወጥቶ መጣ። እኔን አየኝ፣ አያቴን አየው፣ ረጅም ጊዜ አየው።

«ልጅቷ ወደቀች» አለ ለሰው ሁሉ እንዲሰማ። «ምን ትጠብቃላችሁ፣ ወንበር አምጡላት።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ዓይኔን ጨፍኜ ሰማሁት። ወንበር መጣልኝ፤ አያቴ ተቀመጠበትና እኔን ታቀፈኝ። አዋላጅዋ ሣጥኗን ትታ እየሮጠች መጣች። «ልጅቷ አየር ያስፈልጋታል» ብላ የአያቴን የሸሚዝ ቁልፍ ፈታች። «የልጅቷ እግር ይውጣ» ብላ የሱን ጫማ አወለቀች። በስም ዝርዝሩ ታራግብልኛለች፣ ነፋሱ ሁሉ ወደ ላይ ነው የሚሄደው። ውሃ አመጡልኝና አንድ ሰው «አያትየው ይቅመሱላት» አለ። አያቴ ቀመሰልኝ፣ እስከ ጠርሙሱ ቂጥ ድረስ። አንድም ሰው አልሳቀም። ባለታክሲው ምግብ ቤት ሄዶ ባለሚዛኑን ከነጉርሻው ጎትቶ አመጣው፤ ደብተራችን በሰው እጅ ወደ ፊት ሄደ፣ ስኳራችን በሰው እጅ ወደ ኋላ መጣ።

አያቴ ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ከአራት ወር ኖረ፣ እኛ ቤት፣ በሦስት ትራሱ። ስኳር በመጣ ቁጥር እኔ እታመማለሁ፣ እሱ ወንበር ይመጣለታል። የተሻለ ከረሜላም እንድጠይቅ ፈቀደልኝ። እናቴ የሰማችው ከቀበርነው በኋላ ነው። አዋላጅዋን «አባቴ እንዲህ ታሞ እንዴት አንድ ሰው አይነግረኝም?» ብላ ብትይዛት «ኧረ እኛ የነገሩን የልጅሽን ሕመም ነው» አለቻት። እናቴ እንባዋን እየጠረገች ሳቀች፣ ከዚያ ወደኔ ዞራ ጆሮዬን ያዘች።

ያን ቅዳሜ ግን ገና ወንበሩ ላይ ነን። ጆሮዬ የአያቴ ደረት ላይ ተለጥፏል። ልቡን እሰማለሁ። ሮጥ ሮጥ ይላል፣ ይቆማል፣ የረሳው ነገር እንዳለበት ሰው ዝም ይላል፣ ከዚያ ደንግጦ ይሮጣል። የሽማግሌ ልብ ሁሉ እንዲህ የሚሄድ መሰለኝ። አዋላጅዋ ጎንበስ አለች፤ ጥላዋ ፊቴ ላይ ሲያርፍ ታወቀኝ። የአያቴን የእጅ አንጓ ይዛለች።

«እንዴት ናት?» አለችው ቀስ ብላ።

 የአያቴ እጅ ጀርባዬ ላይ ነበር።

«ፈርታለች» አላት።

ዓይኔን እንደጨፈንኩ ታዘብኩት፤ አሁንም ይዋሻል። እኔ ምንም አልፈራሁም ነበር።